ሳይደክም የሚጠፋ ብርሃን

ባለፉት ሳምንታት በዚህ ዓምድ ስለ ምድጃና ስለ ጢስ፣ ስለ መጠጥ ውኃም ንጽሕና ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ከቤት ዕቃዎች ሁሉ ትንሽ ስለ ሆነች፣ ነገር ግን ሌሊት የመጣ እንደ ሆነ ከሁሉ አስቀድማ ስለምትፈለግ ዕቃ ጥቂት ለማለት አስበናል። ይህችውም የእጅ ባትሪ ናት፤ ይልቁንም በውስጧ የምትገባው ድንጋይ። ድንጋይ ስንል አገሩ ሁሉ በዚህ ስም የሚጠራትን፣ ከየሱቁ የምትገዛውን የባትሪ ድንጋይ ማለታችን ነው፤ ሊቃውንት ሌላ ስም ቢሰጧትም እኛ ከአገሩ ስም አንወጣም።

ይህን ነገር ለማንሣት ምክንያት የሆነን የመተማና የገዳሪፍ አገር ነው። ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ ድንበሩን በመሻገር ገላባት የገባ መንገደኛ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ገዳሪፍ ከተማ ይደርሳል። አገሩ ሜዳ፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ፣ ሰብሉም ማሽላና ሰሊጥ ነው። በበጋው መጨረሻ፣ በተለይም በሚያዝያ ወር፣ የቀትሩ ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ አንዳንድ ቀንም ያልፋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡ ያን ሜዳ ጭቃ ያደርገዋል። የእኛ ሰዎች ይህን አገር ከብዙ ጊዜ ጀምረው ያውቁታል፤ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ ያውቀዋል፤ መከራ ያሰደደውም ያውቀዋል። ኡም ራኩባ የተባለው ሰፈር በ1977 ዓ.ም. የረኀብ ዘመን የኢትዮጵያ ስደተኞች መጠጊያ ነበረ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራዩ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ድንበሩን ሲሻገር ያው ሰፈር እንደ ገና ተከፈተ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ሰው ከ60,000 በላይ ሆነ። ቱናይድባ የተባለውም ሰፈር ያን ጊዜ ተጨመረ። ከዚያ በኋላ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ መንገዱ ተገላበጠና፣ ከካርቱምና ከሌላውም ስፍራ የሸሸው ሕዝብ በገላባት በኩል ወደ መተማ ገባ፤ ኩመር ላይም መጠለያ ተሠራለት።

ድንኳንና የሣር ጎጆ የኤሌክትሪክ ምሰሶ አይቆምላቸውም። ስለዚህ የሌሊቱ ብርሃን የእጅ ባትሪና በቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ማታ የሚያበራው ትንሽ ፋኖስ ነው። ብርሃኑም ለመጽናናት ብቻ የሚፈለግ አይደለም። በዚያ ቆላ በሌሊት መርዘኛ እባብና ጊንጥ ከየስንጥቁ ይወጣል፤ የዋልካ መሬት በበጋ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። በእርሻው ላይ መሬት ለመሬት የሚተኛው ሠራተኛ፣ በጨለማ ወደ መጸዳጃ የምትሄደው ሴት፣ ልጇ በትኩሳት የሚነድባት እናት፣ ሁሉም እጃቸው የምትዘረጋው ወደዚያች ባትሪ ነው። ስለ አዋላጂቱማ አንናገር።

እንግዲህ በእነዚህ ፋኖሶችና የእጅ ባትሪዎች ውስጥ የሚገባው ድንጋይ ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ድሮ የምናውቀው፣ አንድ ጊዜ ሠርቶ የሚጣለው የማይሞላ ድንጋይ ነው። ሁለተኛው በፀሐይም ሆነ በኤሌክትሪክ እየተሞላ የሚሠራው ነው። ከሚሞሉትም ውስጥ ብዙ ጊዜ በርካሽ ፋኖሶች የሚገኘውና በየሱቁ በቀጭኗ ድንጋይ መጠን የሚሸጠው ከኒኬል የተሠራው ነው። ቀድሞ ኒኬልና ካድሚየም ነበረ፤ ዛሬ አብዛኛው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ነው። በመልክ ከማይሞላው ድንጋይ ጋር አንድ ነው። ኃይሉን ሲሰጥ ያለው ጠባይ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የዛሬው ጽሑፋችን ሁሉ በዚህ ላይ ነው።

የማይሞላው ድንጋይ አዲስ ሲሆን ግፊቱ 1.5 ቮልት ነው። ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ይህ ግፊት ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ 1.4፣ 1.3፣ 1.2 እያለ እስከ 0.9 ድረስ እንደ ቁልቁለት መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ የእጅ ባትሪው ብርሃን መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያም እንደ ከሰል ፍም ቀይ ሲሆን እናየዋለን፤ ባለቤቱም «ድንጋዩ ደክሟል፤ ነገ ሌላ ልግዛ» ለማለት ጊዜ ያገኛል። ከኒኬል የተሠራው ግን ከመሙያው ሲወጣ 1.4 ቮልት ያህል ይሆንና ጥቂት እንደ ሠራ ወደ 1.2 ይወርዳል። እዚያ ላይ ይቆማል። ግማሹን ኃይል ቢሰጥም 1.2፣ ሦስት አራተኛውን ቢሰጥም ወደ 1.2 የቀረበ ነው። በመጨረሻው፣ ስንቁ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ 1.1 ላይ ሲደርስ እንደ ገደል ይናዳል፤ ወደ 1 ቮልት፣ ከዚያም በታች የሚወድቀው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ይህን ነገር በገዳሪፍ አገር ማሽላ ብንመስለው ይቀላል። አንድ ጋን ውኃ ሞልተን ከሥሩ ብንበሳው፣ መጀመሪያ በኃይል ይፈስሳል፤ ውኃው ሲጎድል መፍሰሱም ይደክማል፤ በመጨረሻ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ጆንያ ማሽላ ሞልተን ከሥሩ ብንቀደው ግን፣ ጆንያው ሙሉ ቢሆንም ሩብ ቢቀረውም እህሉ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይወርዳል፤ የመጨረሻዋ እፍኝ ስትወርድ ያን ጊዜ ያበቃል። የማይሞላው ድንጋይ እንደ ጋኑ፣ ኒኬሉ እንደ ጆንያው ነው። ቆለኞች ስለ ግመል የሚናገሩትም ለዚህ ነገር ይስማማል፤ በአንድ እርምጃ ሲሄድ ይውልና ከተንበረከከ በኋላ በዱላም አይነሣም ይባላል።

ምክንያቱን በአጭሩ እንግለጽ። በድንጋዩ ውስጥ ሁለት ሳህኖች አሉ፤ አንዱ የኒኬል ውሁድ ነው፤ ሌላው ሃይድሮጅን በውስጡ የሚይዝ የብረታ ብረት ቅልቅል ነው። በመካከላቸው ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ የተባለው በውኃ የቀለጠ ፖታሽ አለ። ድንጋዩ ኃይል ሲሰጥ ሃይድሮጅኑ ከአንደኛው ሳህን ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ፖታሹ ግን መንገድ ብቻ ነውና አይነካም፤ አይቀጥንም፤ አይወፍርም። የመኪና ባትሪ እንዲህ አይደለም። በእርሱ ውስጥ አሲዱ ራሱ የሥራው ተካፋይ ስለ ሆነ ኃይል በተሰጠ ቁጥር ይቀጥናል፤ ስለዚህም የጋራዥ ሰዎች አሲዱን በመስተዋት መለኪያ እየሳቡ ስንት ኃይል እንደ ቀረው ያውቃሉ። በኒኬል ድንጋይ ውስጥ እንዲህ ተስቦ የሚለካ ነገር የለም። የቮልት መለኪያ ቢደረግበትም 1.2 ይላል፤ ነገ የሚያልቀውም፣ ዛሬ ማታ የሚያልቀውም ይህንኑ ይላል።

ይህ ጠባይ በራሱ ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ለሚሠራ ሰው ትልቅ በጎነት ነው፤ ብርሃኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ነውና። ስዊድናዊው ዋልደማር ዩንግነር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1899 የኒኬልና የካድሚየምን ባትሪ ሲያወጣ፣ በ1901ም አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ኒኬልን ከብረት ጋር ሲያጣምር፣ የፈለጉት እንዲህ ያለውን ጠንካራ ዕቃ ነበረ። ዛሬ የምናየው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ለገበያ የቀረበው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ችግሩ ዕቃው ላይ ሳይሆን፣ የጋኑን ልማድ ይዘን ጆንያውን በምንጠብቀው በእኛ ላይ ነው።

ይህም ልማድ በሌሊት እንዴት እንደሚያሳስት እንመልከት። ጎረቤት በምጥ የተያዘች ሴት አለችና አንዲት ልጅ ባትሪ ልትዋስ ትመጣለች። «እትዬ፣ ባትሪዎ ይሠራል?» ትላለች። «አዎን ልጄ፣ አሁን አብርቼው ነበር፤ እንደ ፀሐይ ነው፤ ውሰጂው» ይሏታል። ሴትዮዋ እውነት ተናግረዋል፤ ዓይናቸው ያየው እንዲሁ ነው። ነገር ግን ይህ ባትሪ የሚሞላ ድንጋይ የያዘና አራት ሌሊት የሠራ ቢሆን፣ ያ እንደ ፀሐይ ያለ ብርሃን የግማሽ ሰዓት ዕድሜ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ሕፃኑ ሲወለድ፣ እትብቱ ሊቆረጥ ሲል፣ እንግዴ ልጁ በሚጠበቅበት ሰዓት ይጠፋል። በኩራዝ ጊዜ ጋዙን ነቅንቀው መጠኑን ያውቁ ነበር፤ ጧፍም ቁመቱን ያሳይ ነበር። ይህ ግን ምንም አያሳይም።

የዛሬዎቹ ነጭ አምፑሎች ደግሞ ነገሩን ያብሱታል። የድሮው አምፑል ግፊቱ ቢወርድም እየቀላ ይበራ ነበር። አዲሱ ነጭ አምፑል ግን 3 ቮልት ያህል ካላገኘ አይበራም ለማለት ይቻላል። ሦስት የኒኬል ድንጋዮች በአንድነት 3.6 ቮልት ይሰጣሉና ደኅና ያበሩታል፤ ሦስቱም ከ1 ቮልት በታች ሲወድቁ ግን ድምሩ ከ3 ያንስና ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ይሰወራል። አንዳንዶቹ ባትሪዎች በውስጣቸው ግፊቱን የምታስተካክል ትንሽ መሣሪያ አለቻቸው፤ እርስዋም ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ደቂቃ እኩል ታደርገዋለች። ሻጩ ይህን በጥራት ይመሰክርላታል፤ ሐሰትም አልተናገረ።

አንዳንድ ገዢዎች በሚሞላው ድንጋይ ላይ «1.2» የሚለውን ጽሕፈት አይተው «ይህ ከ1.5ቱ ያነሰ ደካማ ነው» ብለው ይተዉታል። ይህ ትክክል አይደለም። 1.5 የተባለው አዲስ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ከዕድሜው ብዙውን ክፍል የሚያሳልፈው ከ1.3 በታች ነው። ኒኬሉ 1.2 ብሎ በ1.2 ይጸናል። በላዩ ላይ መነበብ የሚገባው ሌላው ቍጥር ነው፤ ይኸውም የሚሊአምፔር ሰዓቱ ልክ። 2,000 የተጻፈበት ድንጋይ 400 ሚሊአምፔር ለሚወስድ አምፑል 5 ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ 200 ለሚወስድ ደግሞ 10 ሰዓት ወይም ጥቂት ይበልጣል። ፋብሪካዎቹም ልኩን የሚለኩት በዚሁ በ5 ሰዓት ሩጫ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ የተጠየቀበት እንደ ሆነ ግፊቱ ወዲያው ዝቅ ይላል፤ የሚሰጠውም ጠቅላላ ኃይል ከተጻፈው ያንሳል። ስለዚህ ሁለት ብርሃን ያለውን ፋኖስ በደማቁ ከማብራት በደብዛዛው ማብራት እጥፍ ብቻ ሳይሆን ከእጥፍ የበለጠ ሰዓት ሊሰጥ ይችላል። ስለ ጽሕፈቱም አንድ ቃል ብንጨምር፦ በቀጭኗ ድንጋይ ላይ ከ3,000 በላይ ቍጥር ተጽፎ ቢገኝ አትመኑት፤ ከኒኬል የተሠራች ያች መጠን ይህን ያህል አትይዝም። በየድንበሩ ገበያ ላይ ቍጥር እንደ ጌጥ የሚለጠፍበት ዕቃ አይጠፋም።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንምጣ። በገዳሪፍና በመተማ ነገሩን ከደጋው አገር የሚለየው ይህ ነው። የኒኬል ድንጋይ ኃይሉን ሲሰጥ ሙቀት ብዙ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ከብርድ ይልቅ ሙቀት ይሻለዋል። የሚጎዳው ሲሞላና ሲቀመጥ ነው። ተሞልቶ የተቀመጠ ተራ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከውስጡ ራሱን ይበላል። በ20 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ወር ውስጥ እስከ ሲሶው ድረስ ሊያጣ ይችላል። ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቍጥር ይህ መጉደል እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በ40 ዲግሪ አገር «ለክፉ ቀን» ተብሎ ሞልቶ በሣጥን የተቀመጠ ድንጋይ፣ ክፉው ቀን ከወር በኋላ ቢመጣ አብዛኛው ኃይሉ ሄዶ ይገኛል። ስንቅ ብለው ያስቀመጡት ሰዎች ተሰረቅን ሊሉ ይችላሉ፤ ሌባው ግን ሙቀቱ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 የጃፓኑ ሳንዮ ኩባንያ ይህ መጉደል እጅግ የቀነሰለትን ዓይነት አወጣ፤ ዛሬ ሌሎችም ይሠሩታል። ተሞልቶ የሚሸጠው፣ በላዩም «ለአገልግሎት ዝግጁ» የሚል ትርጕም ያለው ጽሕፈት የሚታተምበት ይኸኛው ነው። በቀዝቃዛ ስፍራ ለዓመት አብዛኛውን ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ለአዋላጅና ለሌሊት ጠባቂ የሚገባው፣ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም፣ ይህ ዓይነት ይመስለናል።

ሲሞላም እንደዚሁ ነው። የኒኬሉ ሳህን በጣም ሲሞቅ የሚገባውን ኤሌክትሪክ ከመቀበል ይልቅ ኦክስጅን ማፍላት ይጀምራል፤ የፀሐዩም ድካም በከንቱ ይቀራል። በ45 ዲግሪ ከሚሰጠው የሚቀበለው 70 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ በ60 ዲግሪ ከግማሽ በታች ይወርዳል። 60 ዲግሪም የሩቅ ነገር አይደለም፤ የአየሩ ሙቀት 40 ሲሆን፣ ጥቁር ላስቲክ የለበሰ ፋኖስ በቀትር ፀሐይ ውሎ ሲነካ እጅ ያቃጥላል። የቤት እመቤቶች «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ ማታ አንድ ሰዓት አይበራም» ሲሉ የምንሰማው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። የፀሐይ መቀበያው በገመድ የሚለይ የሆነ እንደ ሆነ፣ መቀበያውን ከፀሐይ፣ ፋኖሱን ከጥላ ማድረግ ነው። ሁለቱ አንድ አካል ከሆኑም በማለዳ ማውጣት፣ ቀትር ላይ ጥላ ማስያዝ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንደ ገና ማውጣት ይሻላል። በክረምት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ደመናው ግን ፀሐዩን ይወስደዋል። በሐምሌና በነሐሴ አንድ ቀን ሙሉ የተሰጣ ፋኖስ ግማሹን እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ያለፈውን የሚያዝያ ወር የሰዓት ልክ ማሰብ ያሳስታል።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም አሮጌና አዲስ ድንጋይ መቀላቀል ነው። ይህን ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ አንዷ ስትበላሽ አንዷን ብቻ ይገዛል፤ ድህነትም ያስገድደዋል። ሦስት ድንጋዮች በአንድ ረድፍ ሲቆሙ ግን ኤሌክትሪኩ በሦስቱም ውስጥ በእኩል ማለፍ አለበት። ደካማዋ ቀድማ ታልቃለች፤ ሁለቱ ጠንካሮች ግን መግፋታቸውን አይተዉም። ሁለቱ 1.2፣ 1.2 እያሉ እርስዋ 0.6 ብትደርስ ድምሩ አሁንም 3 ቮልት ነው፤ አምፑሉም ገና ይበራል፤ ማንም ነገሩን አያውቅም። ከዚያ ባዶ ትሆናለች፤ ከባዶም በታች ትገፋለች፤ አዎንታዊው ጫፏ አሉታዊ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በውስጧ ጋዝ ይፈላል፤ ማኅተሟ ይከፈታል፤ ፖታሹ ይወጣል። በባትሪ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የምናየው ነጭ ዝቃጭ ይህ ነው። ዓይንና ቆዳን የሚያቃጥል ስለ ሆነ ሕፃናት ሊነኩት አይገባም፤ የነካው ሰውም በብዙ ውኃ ይታጠብ። ስለዚህ ሦስቱን አንድ ቀን ገዝቶ፣ አንድ ቀን ሞልቶ፣ አንድ ላይ ማኖር ያስፈልጋል። በአንድ ቀለም ክር ማሰር ወይም በላያቸው ላይ አንድ ምልክት መጻፍ ይበቃል፤ የሌላ ባትሪ ድንጋይ በመካከላቸው እንዳይገባ ይጠብቃል።

«ይህ ድንጋይ ፈጽሞ እስኪሞት ካልተጨረሰ ይበላሻል» የሚል ነገርም በብዙ ሰው አፍ አለ። መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። የድሮው የካድሚየም ድንጋይ በየጊዜው በትክክል እኩል መጠን ብቻ ከሰጠና ከተሞላ፣ ያን መጠን የለመደ ይመስል ከዚያ በታች ሲወርድ ግፊቱ ይወድቅ ነበር፤ ይህም ቀድሞ የታወቀው በሰማይ በሚዞሩ ሳተላይቶች ላይ ነው፤ በዚያ ሁሉ ነገር በሰዓት የተለካ ነውና። በዛሬው ሜታል ሃይድራይድ ይህ ጠባይ ጥቂት ነው። መድኃኒቱም እስከ ሞት ማድረስ ሳይሆን እስከ 1 ቮልት ማውረድና እንደ ገና መሙላት ነው፤ በቤት ቋንቋ፣ ብርሃኑ መለወጥ እንደ ጀመረ ወዲያው ማጥፋት ማለት ነው። ባትሪ አብርቶ ረስቶ ማደር፣ ልጆችም «ይሙት፤ ከዚያ እንሞላዋለን» ብለው ማብራታቸው፣ ያንኑ የመገልበጥ ነገር ያመጣል። በወር አንድ ጊዜ እስከ መለወጡ ድረስ ማውረድ ከበቂም በላይ ነው።

እንግዲህ ብርሃኑን በዓይን ማመን ካልተቻለ በምን ይታመናል? በሰዓት ነው። ፋኖሱ በመጀመሪያ ሳምንት ሙሉ ከሆነበት ጊዜ አንሥቶ እስኪለወጥ ድረስ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ አንድ ጊዜ መቍጠር ነው። ስምንት ሰዓት ቢሆን፣ ከስድስት ሰዓት በላይ የሠራ ፋኖስ ሙሉ ነው ተብሎ ለምጥ ቤት አይሰጥም። ሰዓት የሌለው ቤት በሌሊት ቍጥር ይያዘው፤ በድንኳኑ ምሰሶ ላይ በከሰል አንድ ጭረት ለአንድ ሌሊት፣ በተሞላም ጊዜ ጭረቱን ማጥፋት። ይህን ጥንቃቄ በየስድስት ወሩ መድገም ያስፈልጋል፤ ድንጋዩ እያረጀ ሲሄድ ሰዓቱ ያጥራልና። ሲያረጅም ብርሃኑ አይደበዝዝም፤ ያው እንደ ፀሐይ ሆኖ የሚያበራበት ጊዜ ብቻ ያንሳል፤ አንድ ቀንም ስምንቱ ሰዓት ሁለት ሆኖ ይገኛል። አዋላጅ የሆነች ሴት ደግሞ ከዚህ ሌላ አንዲት የማይሞላ ድንጋይ ያላት ትንሽ ባትሪ ብታኖር መልካም ነው። እርስዋ ስትደክም ታስታውቃለች፤ ሳትነካም ለዓመታት ትቀመጣለች።

አገሩ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ብልሃት አለ፤ የደከመ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ወይም በጥርስ ነክሶ መመለስ። ለድሮው ድንጋይ ይህ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም፤ ሙቀቱ በውስጡ የቀረውን ነገር ያንቀሳቅሰውና ለአንድ ዜና ያህል ያናግረው ነበር። በኒኬሉ ድንጋይ ላይ ግን ማስጣቱ የቀረውን ያስበላዋል እንጂ ምንም አይጨምርለትም፤ መንከሱም ማኅተሙን ይሰብርና ፖታሹን በአፍ ያስገባል። የትምህርት ቤት ሰዎችም ሌላውን ብልሃት ያውቁታል፤ የአሮጌ ድንጋይ ጥቁር ዱቄት አውጥቶ በቅጠል እያሹ ጥቁር ሰሌዳ መቀባት። ስንት ልጅ በዚያ ሰሌዳ ፊደል ቈጥሯል! ያ ዱቄት ከሰልና ማንጋኒዝ ነበረ። የሚሞላውን ድንጋይ ሰብሮ እንዲህ ማድረግ ግን በምንም መንገድ አይገባም፤ ይልቁንም ካድሚየም ያለበትን። ካድሚየም ወደ ሰውነት ሲገባ በኵላሊት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል፤ አጥንትንም ያላሽቃል። በጃፓን አገር በጂንዙ ወንዝ አጠገብ የነበሩ ገበሬዎች ከማዕድን ቍፋሮ የወረደ ካድሚየም ያለበትን ውኃ ለሩዛቸው ስላጠጡ በጽኑ የአጥንት ሕመም ተሠቃይተዋል፤ መንግሥታቸውም ምክንያቱን በ1968 በይፋ አስታውቋል። የአውሮፓ ማኅበርም በ2006 ባወጣው ሕግ ካድሚየምን ከአብዛኞቹ የእጅ ዕቃዎች ድንጋይ ከልክሏል። አሮጌ ዕቃ ከየአገሩ በሚሰበሰብበት የድንበር ገበያ ግን አሁንም ሊገኝ ይችላል። የሞተውን ድንጋይ ወደ እሳት አይጣል፤ በጕድጓድ ውኃም አጠገብ አይቀበር፤ በላስቲክ ቆርቆሮ ውስጥ ተከድኖ ይቀመጥና የሚሰበስብ ድርጅት ወይም ጤና ጣቢያ በተገኘ ጊዜ ይሰጥ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚታደሉትና የሚሸጡት ፋኖሶች ብዙዎቹ ከኒኬል ይልቅ ሊቲየም ያለበትን ድንጋይ ይይዛሉ። አንዱ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ድንጋይ ብቻውን 3.2 ቮልት ነው፤ ከሙቀትም ጋር በተሻለ ይስማማል፤ ተሞልቶም ሲቀመጥ ጥቂት ብቻ ይጎድላል። ነገር ግን እርሱም እንደ ኒኬሉ ግፊቱን እስከ መጨረሻው እኩል አድርጎ ይይዝና በድንገት የሚወድቅ ስለ ሆነ፣ ስለ ሰዓት ቈጠራና ስለ ምሰሶው ጭረት የተናገርነው ለእርሱም ይሠራል። አንዱን በሌላው ቦታ መተካት ግን አይቻልም። መልካቸው አንድ ቢሆንም፣ ለኒኬል የተሠራ መሙያ ሊቲየሙን ከልክ በላይ ሊሞላውና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ድንጋዩን ከማውጣታችሁ በፊት በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብባችሁ፣ ማንበብ የማይችልም በሚያነብ ልጅ አስነብቦ፣ ያንኑ ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ።